አስናቀች ወርቁ፦ የቲያትርን መድረክ ለሴቶች የከፈተች ባለክራር

እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መባቻ ድረስ በአዲስ አበባ የቲያትር መድረክ ላይ እናት፣ ሚስት፣ ንግሥት ወይም ሙሽራ ሆነው ይታዩ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረውና ድምፃቸውን አቅጥነው የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹም ይህን ልማድ አድርጎ ይቀበለው ነበር። ችግሩ የችሎታ ማነስ አልነበረም። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ሴት ልጅ ከማያውቃት ሕዝብ ፊት ቆማ የፍቅር ቃል መናገሯ የቤተሰብን ክብር የሚያጎድፍ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ ነው። ይህን አጥር ከጣሱት ሴቶች መካከል በቀዳሚነት ስሟ የሚነሣው አርቲስት አስናቀች ወርቁ ናት።

አስናቀች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደች። ያደገችበት ዘመን ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ከተማይቱ እንደገና በምትደራጅበት፣ ዘመናዊ ትምህርት፣ ሲኒማና ቲያትር ቀስ በቀስ ሥር በሚሰድዱበት ወቅት ነበር። ሆኖም ለኪነ ጥበብ ሰው ይሰጥ የነበረው ግምት ገና አልተለወጠም። ዘፋኙም ተዋናዩም በአንድነት አዝማሪ ይባሉ ነበር። ቃሉ የሙያ መጠሪያ ቢሆንም እንደ ስድብ ያገለግል ነበር። አዝማሪነት እንደ ሸማኔነት፣ እንደ ቀጥቃጭነትና እንደ ሸክላ ሠሪነት ሁሉ ሕዝቡ የሚገለገልበት ነገር ግን የሚንቀው ሙያ ነበር። ወንዱ አዝማሪ በዚህ ንቀት ሲሸማቀቅ፣ በሴቷ ላይ ደግሞ የምግባር ጥርጣሬ ይጨመርባት ነበር።

የመረጠችው መሣሪያም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ ነፃ አልነበረም። በኢትዮጵያ ባህል በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ፣ የጸሎትና የንስሐ ድምፅ ተደርጎ ሲከበር፣ ክራር ግን የዓለማዊ ፍቅር፣ የመጠጥ ቤትና የጭፈራ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በአፈ ታሪክ ክራርን ለሰው ያስተማረው ሰይጣን ነው እስከ መባል ተደርሷል። አምስት ወይም ስድስት ጅማቶች ያሉትን ይህን መሣሪያ አንዲት ወጣት ሴት ታቅፋ በአደባባይ መደርደሯ በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም።

አስናቀች እ.ኤ.አ. በ1952 የፍቅር ጮራ በተሰኘው ተውኔት ላይ በመተወን በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቲያትር የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ለመባል በቃች። ይህ እርምጃ የአንዲት ሴት የግል ስኬት ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንዲት ሴት የሴትን ገጸ ባሕርይ በራሷ ድምፅና በራሷ አካል ስትጫወት ካየ በኋላ፣ ተመልካቹ ሻሽ ያሰረውን ወንድ እንደ ቀድሞው አምኖ ለመቀበል አይችልም። ደራስያንም ለሴት ገጸ ባሕርያት ሰፋ ያለ ቦታ ለመስጠት በር ተከፈተላቸው። ከእርሷ በኋላ የመጡት ሴት ተዋንያን የተጓዙት ቢያንስ አንድ ሰው ቀድሞ በረገጠው መንገድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር ተብሎ የሚጠራው አዳራሽ ተመርቆ ተከፈተ። በመክፈቻው የቀረበው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን የተሰኘው ተውኔት ነበር። አዲሱ ተቋም ለኪነ ጥበብ ሰው ትልቅ ለውጥ አመጣ። ተዋናዩ በየድግሱ ከሚጣልለት ሽልማት ተላቆ ደመወዝ የሚቀበል የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ። አስናቀችም ከቲያትር ቤቱ ጋር ረጅም ዘመን አሳለፈች። በተውኔት ተዋናይ፣ በሙዚቃ ዝግጅት ድምፃዊትና ተወዛዋዥ፣ በባህል ሙዚቃ ደግሞ ባለክራር ነበረች።

በክራሯ የምትጫወታቸው ዜማዎች በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ላይ የቆሙ የአገር ባህል ዜማዎች ናቸው። አድማጭ ግን እርሷን ከሌሎች የሚለይበት ምልክት ነበረው። ድምፅዋ ጮኾ የሚያስደነግጥ ሳይሆን ቀርቦ የሚያወራ ድምፅ ነበር። ቃሉን ታቆላምጣለች፣ ትሸነግላለች፣ አንዳንዴም በቅኔ ትወጋለች። ፍቅርን ስትዘፍን ተፈቃሪ ብቻ ሳትሆን አፍቃሪም ሆና ትናገር ነበር። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር የምታደርገው የግጥም ቅብብሎሽ በተለይ ይወደድላት ነበር። በዚህ ጨዋታ ወንዱ ሲነካካት እርሷ በሰምና ወርቅ ትመልስለታለች፤ አዳራሹም የመልሱን ስለት እየጠበቀ ይስቃል። ሴት ዝም በምትባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሴት መልስ የምትሰጥበት መድረክ መኖሩ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

የዚህ ታሪክ መራራ ገጽ፣ በመድረክ ላይ ያጨበጨበው ሕዝብ ከአዳራሹ ሲወጣ ይሰጥ የነበረው ፍርድ ነው። ማታ የተደነቀችው ሴት ጧት በሰፈሯ በጣት ትጠቆማለች። ዘፈኗን የወደደ አባት ልጁ እርሷን እንድትመስል አይፈልግም። ይህ ዓይነቱ ሁለት ፊት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም።

በጅዳና በመካ ከኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን በየሱቁና በየሆስፒታሉ ከሚሠሩ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከሕንድ ኬረላ ግዛት የመጡ የማላያላም ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። የእነርሱም የሲኒማ ታሪክ በተመሳሳይ ቁስል ይጀምራል። በመጀመሪያው የማላያላም ድምፅ አልባ ፊልም ላይ የተወነችው ፒ.ኬ. ሮዚ ዝቅተኛ ከሚባለው ጎሣ ተወልዳ የከፍተኛ ጎሣ ሴት ሆና በመታየቷ፣ የተቆጡ ተመልካቾች በድንጋይ አሳደዷት፤ አገሯን ጥላ ተሰድዳ ቀሪ ዕድሜዋን በስውር አሳለፈች። ከአምሳ ዓመታት በኋላ የመጣችው ሲልክ ስሚታ ደግሞ በአነስተኛ ወጪ በሚሠሩና ለአዋቂዎች ብቻ በሚታዩ ፊልሞች ጭምር ስሟ ገነነ። በደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞችን ሠርታ፣ አዳራሾችን ሞልታ፣ አምራቾችን አበልጽጋ እ.ኤ.አ. በ1996 በ35 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። በሕይወት ሳለች በንቀት የተመለከታት የፊልም ዓለም፣ ሕይወቷን መነሻ ባደረገው ፊልም ለተወነችው ለቪድያ ባላን የአገሪቱን ከፍተኛ የትወና ሽልማት ሰጠ። የሦስቱ ሴቶች ሙያና ዕጣ አንድ ባይሆንም፣ የተጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው። ሕዝብ የሚደሰትበትን ሥራ የሠራች ሴት ስለ ምን በሥራዋ ትወቀሳለች?

አስናቀች ከሮዚና ከስሚታ የምትለየው ክብሯን በዓይኗ ለማየት በመታደሏ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ የሚያሳትመው ኢትዮፒክስ የተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ አሥራ ስድስተኛውን ክፍል ለእርሷ ብቻ ሰጠ። የክራሯ እመቤት የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ይህ አልበም አማርኛ ለማያውቅ አድማጭ ሁሉ አስተዋወቃት። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላም በቁልምጫ ስሟ አስኒ የተባለ ዘጋቢ ፊልም በሬቸል ሳሙኤል ተዘጋጅቶ ለዕይታ በቃ።

የቲያትር ሰው ቅርስ በቀላሉ የሚጠፋ ነው። ደራሲው መጽሐፉን፣ ሠዓሊው ሸራውን ትቶ ያልፋል፤ የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የአስናቀች የመጀመሪያ ዘመን ትወናም የኖረው በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነው፤ ያም ተመልካች አንድ በአንድ እያለፈ ነው። በእጅ የቀረው በሸክላ የተቀረጸው ድምፅ ነው። ስለዚህም የነባር ሸክላዎችና ካሴቶች ጥበቃ፣ የአረጋውያን ባለሙያዎችም ትውስታ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባውም።

ዛሬ በብሔራዊ ቲያትር መድረክ ሴት ተዋናይ ስትታይ ማንም አይደነቅም። ወላጆችም ሴት ልጆቻቸውን የቲያትር ጥበብ እንዲማሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይልካሉ። ትናንት ነውር የነበረው ዛሬ ተራ ነገር መሆኑ የአስናቀች ወርቁ እውነተኛ ሐውልት ነው።