የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛው ትግል

በመርካቶ እህል በረንዳ ኩንታል ጤፍ በጀርባው የሚሸከም ወዛደር ወለም ሲለው የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። በስፖርት ሜዳም የተጎዳውን ተጫዋች የሚረዳው ባለሙያ በዚሁ ስም ይጠራል። የዚህን ሙያ ክብደት ለመረዳት የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በክቡር ዘበኛ ሲያገለግል ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠኑት። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ድሉን ደገመ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ግን የተጎዳው እግሩ የሜክሲኮውን ሩጫ አስቋረጠው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን ሽባ አደረገ። ለሕክምና የተወሰደው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን ከመድኃኒት ወደ ቈጠሩበት፣ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ነበር። ከወራት ሕክምና በኋላ እግሮቹ አልዳኑም፤ ክንዶቹ ግን በረቱ። በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

በአንድ ሰው እጅ ብቻ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ በማኅበር የተያዘ ግን ይመዘናል፣ ይታረማል፣ ይወረሳል። ለሻምበሉ ባሕር ተሻግሮ የተፈለገው ጥበብ ለእህል በረንዳው ወዛደር በደጁ ሊደርስለት የሚችለው ባለሙያዎቹ ሲሰባሰቡ ነው።