ሆሴ ሪዛል፤ በብዕሩ የተሟገተ ደራሲ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊሊፒንስ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ የብዙ ደሴቶች አገር ናት። እስፔን ከ1565 ጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በቅኝ ግዛትነት ይዛት ኖራለች። አገረ ገዢው ከማድሪድ እየተሾመ ቢመጣም፣ በየመንደሩ የሕዝቡን ዕድል ይወስኑ የነበሩት ግን መሬቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በእጃቸው ያደረጉ እስፔናውያን መነኮሳት ነበሩ። ይህን የገዢና የተገዢ ኑሮ በልብ ወለድ ጽሑፍ ለዓለም ገልጦ ያሳየው ደራሲ ሆሴ ሪዛል ነው።

ሪዛል ጁን 19 ቀን 1861 ካላምባ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሚያርሰውን መሬት ከመነኮሳቱ በኪራይ የያዘ ነበር። ማንበብን ያስተማረችው እናቱ ናት። ሪዛል ገና ልጅ ሳለ ይህች እናቱ በሐሰት ተከስሳ፣ በወታደሮች ታጅባ፣ ረጅሙን መንገድ በእግሯ እንድትሄድ ተደረገች፤ ከሁለት ዓመት በላይም በወኅኒ ቤት ቆየች። በ1872 ደግሞ ለአገሬው ተወላጅ ካህናት መብት የተከራከሩ ሦስት ቀሳውስት አመፅ አነሣሥታችኋል ተብለው በአደባባይ ተገደሉ። ከሦስቱም አንዱ የታላቅ ወንድሙ መምህር ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች ከልቡ ሳይጠፉ አብረውት አደጉ።

ሪዛል በማኒላ ሲማር ቆይቶ በ1882 ወደ እስፔን ተሻገረ፤ በማድሪድም ሕክምና አጠና። የእናቱ ዓይን እየደከመ ስለ ሄደ፣ በፓሪስና በሃይድልበርግ ተጨማሪ ትምህርት ቀስሞ የዓይን ሐኪም ሆነ። ሌሊት ሌሊት ግን ይጽፍ ነበር። «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ መጽሐፉን በእስፓንኛ ቋንቋ ጽፎ፣ ከአንድ ወዳጁ በተበደረው ገንዘብ በ1887 በበርሊን 2,000 ቅጂ አሳተመ። ርእሱ ላቲን ሲሆን፣ ትርጓሜውም አትንካኝ ማለት ነው።

የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ኢባራ የተባለ ወጣት ነው። ኢባራ ከአውሮፓ ሲመለስ አባቱ በእስር ቤት እንደ ሞተ፣ ሬሳውም በአንድ መነኩሴ ትእዛዝ ከመቃብር እንደ ወጣ ይሰማል። ይሁን እንጂ ቂሙን ትቶ ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ለመሥራት ይነሣል። ይህ በጎ ሥራው ግን ጠላት አፈራበት፤ በመጨረሻም ባልዶለተው አመፅ ተወንጅሎ አገሩን ጥሎ ይሸሻል። በዚሁ መጽሐፍ ሲሳ የተባለች ድሃ እናት በልጆቿ ላይ በተነሣ የስርቆት ክስ ምክንያት በወታደሮች ስትነዳና በመጨረሻም አእምሮዋን ስትስት እናያለን። አካሄዷ የደራሲውን እናት ያስታውሳል።

ሪዛል ግን ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ አልጫነም። ለኢባራ አባት የሚቆረቆር እስፔናዊ መኮንን በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በአንጻሩም ሀብቱን ለመጠበቅ ለገዢዎች የሚያጎነብስ የአገር ተወላጅ አለ፤ ፊቷን በዱቄት እያነጣች፣ የወገኖቿን ቋንቋ እየናቀች፣ እስፔናዊት ነኝ የምትል ሴትም አለች። በዚህም ደራሲው የቅኝ አገዛዝ ጉልበት በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በተገዢው ፍርሃትና ራስን መናቅ ጭምር እንደሚቆም አስረዳ።

መጽሐፉ ወዲያውኑ ተከለከለ። ሪዛል በ1887 ወደ አገሩ ተመልሶ ሕሙማንን ማከም ቢጀምርም፣ ዛቻው ስለ በረታ በተከታዩ ዓመት ዳግመኛ ተሰደደ። የካላምባ ገበሬዎች ስለ መሬት ኪራይ ከመነኮሳቱ ጋር ሲሟገቱ ቆይተው በግድ ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ የእርሱም ቤተሰብ አብሮ ተፈናቀለ። በ1891 በቤልጅየም ያሳተመውን ሁለተኛ መጽሐፉን «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞን» ለሦስቱ ቀሳውስት መታሰቢያ አደረገው። በዚህ መጽሐፍ ኢባራ ስሙን ለውጦ፣ ጌጥ ነጋዴ ሆኖ፣ ለበቀል ይመለሳል። ገዢዎቹ በተሰበሰቡበት ሠርግ ላይ ፈንጂ የታጨቀበት ፋኖስ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን አንድ ወጣት ፋኖሱን አንሥቶ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ትምህርት ቤቱም ፈንጂውም ከሸፉ። ታዲያ መንገዱ የትኛው ነው? ደራሲው ይህን ከባድ ጥያቄ ለአንባቢው ትቶለታል።

በ1892 ወደ ማኒላ ተመልሶ ሕዝቡ በሰላም ለመብቱ የሚተባበርበትን ማኅበር ሲያቋቁም፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተይዞ ዳፒታን ወደምትባል ሩቅ ስፍራ ተጋዘ። በአራት ዓመት የግዞት ኑሮው ሕሙማንን አከመ፤ ልጆችን አስተማረ፤ ለከተማይቱም የመጠጥ ውኃ አስገባ። በ1896 አብዮት ሲፈነዳ፣ ያለ ዝግጅት መነሣቱን ያልደገፈ ቢሆንም፣ መጽሐፎቹ የአመፁ ምንጭ ናቸው ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደበት።

ዲሴምበር 30 ቀን 1896 በማኒላ ሜዳ ሲቆም ዕድሜው 35 ዓመት ነበር። እንዲተኩሱበት የተሰለፉት ወታደሮች የገዛ አገሩ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱ እምቢ ቢሉ እንዲተኩሱባቸው ደግሞ እስፔናውያን ወታደሮች ከኋላቸው ተደርድረው ነበር። ሪዛል ዕድሜ ልኩን በብዕሩ የገለጠው የገዢና የተገዢ ግንኙነት በዚያች ማለዳ በዓይን ታየ። ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ቢገደድም፣ ተኩሱ ሲሰማ ዞሮ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ወደቀ።

የእስፔን አገዛዝ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1898 አከተመ። ይሁን እንጂ አሜሪካ በቦታው ተተካችና ፊሊፒንስ ነጻነቷን ያገኘችው በ1946 ነው። በ1956 በወጣ ሕግ፣ አንድ ጊዜ ማንበባቸው ያሳስር የነበሩት ሁለቱ መጻሕፍት በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲጠኑ ተደነገገ። ኢባራ ሳይፈጽመው የቀረው ትምህርት ቤትም በዚህ ተሠራ ማለት ይቻላል።