ከሞቱ የቀደመ ዜና ዕረፍት

ዜና ዕረፍት ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው የሰውየውን መሞት ለወዳጅ፣ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ሰው በዚህ ዓለም ሳለ ምን ሠርቶ እንዳለፈ መመስከር ነው። የመጀመሪያው በጥቂት መስመር ይፈጸማል። ሁለተኛው ግን ፍርድ ስላለበት ይከብዳል። በአገራችን ብዙ ሰው ሙት ወቃሽ ላለመባል ሲል የሟቹን ጉድለት ይሸፍናል፤ በቀብር ላይ የሚነበበውም የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ዘመንን፣ የትምህርትን ደረጃና የሥራ መደብን ዘርዝሮ በምስጋና ያበቃል። በአንዳንድ የአውሮፓ ጋዜጦች ዘንድ ግን ጸሐፊው ፍርዱን በይፋ የመስጠት ልማድ አለው። ይህ ልማድ ምን ያህል ኃይል እንዳለውና ምን ያህልም ጥንቃቄ እንደሚሻ የአልፍሬድ ኖቤል ሕይወት በግልጽ ያስረዳል። የኖቤል ዜና ዕረፍት የታተመው እርሱ ከመሞቱ ከስምንት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነውና።

አልፍሬድ ኖቤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኦክቶበር 21 ቀን 1833 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ ኢማኑኤል ኖቤል የሕንፃና የድልድይ ሥራ ተቋራጭ ሲሆን፣ ልጁ በተወለደበት ዓመት ከሥሮ ነበር። ዕድሉን በሌላ አገር ለመፈለግ በ1837 ከስዊድን ወጥቶ በመጨረሻ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የመካኒክ ወርክሾፕ አቋቋመ፤ ቤተሰቡም በ1842 ተከተለው። ኢማኑኤል ለሩሲያ ጦር የባሕር ፈንጂ እየሠራ በክሪሚያ ጦርነት ዘመን በለጸገ፤ ጦርነቱ በ1856 ሲያበቃ ግን የመንግሥቱ ትእዛዝ ስለ ተቋረጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ከሠረ። አልፍሬድ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ቤት ድረስ በሚመጡ መምህራን ተምሮ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስዊድንኛ፣ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ አወቀ፤ የኬሚስትሪ ዕውቀቱንም በፓሪስ በፕሮፌሰር ፔሉዝ ላቦራቶሪ አዳበረ።

ጣሊያናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አስካኒዮ ሶብሬሮ በ1847 ናይትሮግሊሰሪን የተባለውን ፈሳሽ አስገኝቶ ነበር። ፈሳሹ ከባሩድ እጅግ የበለጠ ኃይል ቢኖረውም፣ መቼ እንደሚፈነዳ ስለማይታወቅ ለሥራ ማዋሉ አስቸጋሪ ነበር። ኖቤል ችግሩን በሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ፈሳሹን በተፈለገው ጊዜ በእርግጥ ማፈንዳት፣ ሁለተኛው ባልተፈለገው ጊዜ እንዳይፈነዳ ማድረግ ነው። ለመጀመሪያው በ1863 ማፈንጃ ፈልስፎ መልስ ሰጠ፤ በ1865ም አሻሽሎ ሜርኩሪ ፉልሚኔት የተሞላ የብረት ቀለህ አደረገው። የሁለተኛው መልስ ከመገኘቱ በፊት ግን የሰው ሕይወት ተከፈለ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1864 በስቶክሆልም ሄለንቦሪ በተባለው ስፍራ የነበረው መሥሪያቸው ፈንድቶ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላውን ታናሽ ወንድሙን ኤሚልን ጨምሮ አምስት ሰዎች ሞቱ። አባቱም ብዙ ሳይቆይ በደም ሥር ሕመም ተመትቶ ከሥራ ወጣ፤ ያረፈውም አደጋው በደረሰ ልክ በስምንተኛው ዓመት፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1872 ነው። የከተማው ሹማምንት ሙከራው በከተማው ውስጥ እንዳይካሄድ ስለ ከለከሉ፣ አልፍሬድ ሥራውን በማላረን ሐይቅ ላይ በቆመ ጀልባ ቀጠለ።

በ1867 የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ተገኘ። ናይትሮግሊሰሪን ኪዝልጉር በሚባል፣ እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ በሚመጥ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ እንደ ሊጥ የሚታሽና በዱላ መልክ የሚቀረጽ ይሆናል፤ ካለ ማፈንጃም በቀላሉ አይፈነዳም። ኖቤል ይህን ድማሚት ብሎ ሰየመው። በ1875 ደግሞ ውሃ የማይበግረውንና ከድማሚት የበረታውን ጄላቲን ጨመረ። ከዚያ በኋላ የማዕድን፣ የመንገድ፣ የወደብና የባቡር ሐዲድ ሥራ መልኩን ለወጠ። ከ1872 እስከ 1882 በስዊስ ተራሮች ሥር የተቆፈረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጎትሃርድ ዋሻ የተከፈተው በድማሚት ነው። ኖቤል በሕይወቱ 355 የፈጠራ መብቶች አስመዘገበ፤ በብዙ አገሮችም ፋብሪካዎች አቋቋመ። ነገር ግን ሥራው ድንጋይ በመፈንቀል ብቻ አልተወሰነም። በ1887 ያስመዘገበው ባሊስታይት የተባለው ጢስ አልባ ባሩድ ለጠመንጃና ለመድፍ የታሰበ ነበር።

በዚያው በ1887 ታላቅ ወንድሙ ሉድቪግ የቤተሰቡን ታሪክ ለማዘጋጀት አስቦ አልፍሬድ ስለ ራሱ ሕይወት ጥቂት እንዲጽፍ ጠየቀው። የአልፍሬድ መልስ በምጸት የተሞላ ነበር። ሕይወቱን ግማሽ ሕይወት አድርጎ ቆጠረው፤ ከመልካም ጎኑ ጥፍሩን በንጽሕና መያዙንና በሰው ላይ ሸክም አለመሆኑን፣ ከጉድለቱ ቤተሰብ ማጣቱንና የሆዱን ሕመም አነሣ፤ ፍላጎቱ በሕይወት እያለ እንዳይቀበር ብቻ መሆኑን ገለጸ፤ በሕይወቱ ከደረሱት ዐበይት ነገሮች የሚጠቀስ የለም ሲል ደመደመ። ይህ ሰው ስለ ራሱ የጻፈው ዜና ዕረፍት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ሉድቪግ ኖቤል ኤፕሪል 12 ቀን 1888 በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ አረፈ። ሉድቪግ ተራ ሰው አልነበረም። በሴንት ፒተርስበርግ የታወቀ የማሽን ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ ከወንድሙ ከሮበርት ጋር የባኩን ነዳጅ ዘይት ኢንዱስትሪ ያቋቋመ፣ በ1878 ዞሮአስተር የተባለችውን የነዳጅ ጫኝ መርከብ ያሠራ፣ ለሠራተኞቹም ከትርፉ ያካፈለ መሐንዲስ ነበር። የፓሪሱ ጋዜጣ ለ ፊጋሮ ግን በኤፕሪል 15 እትሙ የሞተው የድማሚት ፈልሳፊ እንደ ሆነ አድርጎ፣ የሰው ልጅ ባለውለታ ብሎ መጥራት እጅግ የሚያዳግት ሰው መሞቱን በጥቂት መስመር አስታወቀ። ጋዜጣው ወዲያው እርማት ቢያወጣም ቃሉ አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር።

በዚያች አጭር ጽሑፍ የዜና ዕረፍት ጸሐፊ ሊርቃቸው የሚገቡ ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የሟቹን ማንነት አለማጣራት ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች አንድ የቤተሰብ ስም ስለ ያዙ ብቻ ሕያው ሞተ ተባለ፣ ሟቹም የሚገባውን ምስክርነት አጣ። ሁለተኛው የሰውን ዕድሜ ሙሉ ሥራ በአንድ ነገር መመዘን ነው፤ ዋሻውና ማዕድኑ፣ ከጀልባው ላይ የተደከመው ድካም ሁሉ አልተነሣም። ሦስተኛው ፍርድን ካለ ማስረጃ መጣል ነው፤ አንባቢው ፍርዱን የሚመዝንበት አንድ ቁጥር ወይም አንድ ድርጊት አልተሰጠውም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ፈጽሞ ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም። ባሊስታይትን የሠራ ሰው በሥራው ስለሚመጣው ሞት መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሙት ላለመውቀስ ሲባል ብቻ ይህን መዝለል ሌላ ዓይነት ስሕተት በሆነ ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች ኖቤል ሽልማቱን ያቋቋመው በዚህ ዜና ዕረፍት ተጸጽቶ ነው ይላሉ። ኖቤል ግን ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አልተወም፤ ኑዛዜውም የተፈረመው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። በ1876 ለአጭር ጊዜ ጸሐፊው የነበረችውና በኋላ በርታ ፎን ሱትነር ተብላ የታወቀችው ሴት ለሰላም ማኅበራት ትታገል ነበር፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ይጻጻፉ ነበር። በ1893 ያደረገው ኑዛዜም ለኦስትሪያ የሰላም ማኅበር ድርሻ የሚሰጥ ነበር። ይህን አፍርሶ ኖቬምበር 27 ቀን 1895 በፓሪስ በፈረመው የመጨረሻ ኑዛዜ የሀብቱ አብዛኛው ክፍል ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለሕክምና፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሰላም ሽልማት እንዲውል አዘዘ። ዲሴምበር 10 ቀን 1896 በጣሊያን አገር በሳን ሬሞ በ63 ዓመቱ አረፈ።

ኑዛዜው ካለ ሕግ ዐዋቂ እርዳታ ስለ ተጻፈ ብዙ ክርክር አስነሣ። ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ራግናር ሱልማን የተባለ የ26 ዓመት ኬሚካል መሐንዲስ ነበር። የኖቤልን የአክሲዮን ሰነዶች ከፓሪስ ባንኮች በፈረስ ጋሪ ሲያጓጉዝ ሽጉጥ ታጥቆ ነበር። ከዘመዶች በርከት ያሉት ኑዛዜውን ተቃወሙ፤ ንጉሥ ኦስካር 2ኛም አልወደዱትም። የሉድቪግ ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል ግን ንጉሡ ግፊት ቢያደርጉበትም የአጎቱን ቃል አላፈርስም ብሎ ጸና። ጋዜጣው የአባቱን ሞት ለአጎቱ ሰጥቶ ነበር፤ ልጁ ግን የአጎቱን የመጨረሻ ቃል ከመጥፋት አዳነ። የመጀመሪያዎቹ ሽልማቶች በ1901 ተሰጡ፤ በርታ ፎን ሱትነርም በ1905 የሰላሙን ሽልማት ተቀበለች።

ከመቃብር በላይ ስም ይቀራል ይባላል። የመሐንዲስ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋር አይቀርም፤ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ማን እንዳሰላው አያውቅም። ስለዚህ የሙያ ባልደረባውን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ስሙንና ዘመኑን ከሰነድ ያጣራ፤ ምን እንደ ሠራና የሌሎች ድርሻ ምን እንደ ነበረ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሥራው ያስከተለውን ጥቅምና ጉዳት አጣምሮ ይመዝን። ኖቤል ስለ ራሱ የጻፈው እጅግ አሳንሶ ነው፤ ጋዜጣው የጻፈው እጅግ አጣሞ ነው። እውነተኛው ታሪክ በሁለቱ መካከል ነበር፤ እርሱንም ፈልጎ ማግኘት የጸሐፊው ግዴታ ነው።