ኢትዮጵያን ሳያዩ ታሪኳን የጻፉት ሂዮብ ሉዶልፍ

በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብለው የሚታወቁት ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩም። ያም ሆኖ የጻፉት ታሪክ ለመቶ ዓመት ያህል ስለ አገሪቱ ማወቅ የሚሻ አውሮፓዊ አስቀድሞ የሚገልጠው መጽሐፍ ነበር። የሥራቸው ብርታትም ጉድለትም የሚገኘው መረጃውን ባገኙበት መንገድ ላይ ነው።

ሉዶልፍ በኤርፉርት ከተማ እ.ኤ.አ በ1624 ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በትውልድ ከተማቸውና በሆላንድ ላይደን የቋንቋ ትምህርት ተከታተሉ። ግዕዝን የጀመሩት ያለ መምህር፣ በጊዜው ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት ነበር።

በ1649 ለሥራ ወደ ሮም በተጓዙበት ጊዜ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኙ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ አብረዋቸው የተሰደዱ ካህን ነበሩ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ባደረጉላቸው ጥሪ ወደ ጀርመን ተሻግረው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ለወራት ተቀመጡ። ሉዶልፍ ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጾሙና በዓሉ ይጠይቃሉ፤ አባም ይመልሳሉ። መግባቢያቸው ግዕዝ ነበር። ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ለተማረ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አልነበረም። ከተለያዩ በኋላም በደብዳቤ ሲጠያየቁ ቆይተው፣ አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሕይወታቸው አለፈ።

በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የሚነገረው በአመዛኙ ተረት ነበር። ስፔናዊው ሉዊስ ዴ ኡሬታ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ እንኳ በፈጠራ የተሞላ ነው። ሉዶልፍ ይህን ትተው አገሩን የሚያውቅ ሰው ቃልና የተጻፈ ማስረጃን ማነጻጸር መረጡ። በ1681 በፍራንክፈርት በላቲን ያሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪክ በአራት ክፍል የአገሩን ተፈጥሮ፣ የመንግሥቱን ሥርዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሁኔታና የሕዝቡን ኑሮ ከነሥነ ጽሑፉ ይዘረዝራል።

ይሁን እንጂ ምስክሩ አንድ ካህን ስለሆኑ የታየችው ኢትዮጵያም በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ኢትዮጵያ ሆነች። ኦሮሞዎች በመጽሐፉ የሚታዩት በአመዛኙ እንደ ወራሪ ነው፤ እነርሱ ስለ ራሳቸው የሚሉትን የጠየቀ አልነበረም። ጠያቂውም የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ፕሮቴስታንቱ ሉዶልፍ ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ይሹ ነበርና ጥያቄያቸው ወደዚያ ማዘንበሉ አልቀረም። በ1683 ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት እንዲመሠረት ያደረጉት ጥረት ግን ሳይሳካ ቀረ።

የጽሑፍ ምንጫቸውም ቢሆን የተገደበ ነበር። ከኢየሱሳውያን ዘገባዎች በዋናነት የተጠቀሙበት ፖርቱጋላዊው ባልታዛር ቴሌስ በ1660 ያሳተመውን መጽሐፍ ነው። ቴሌስ ራሱ ኢትዮጵያን አላየም፤ የማኑኤል ዴ አልሜይዳን ጽሑፍ አሳጥሮ ያቀረበ ሰው ነው። ሉዶልፍ ግን የመረጃቸውን ምንጭ አልደበቁም፤ በ1691 ባሳተሙት ሰፊ ማብራሪያም ማስረጃዎቻቸውን ለአንባቢ አቅርበዋል። የኋላ ሊቃውንት ሊያርሟቸው የቻሉት አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትመው በ1704 በፍራንክፈርት አረፉ። በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ የኡሬታን ተረት ለማፍረስ የጻፈው ታሪክ፣ ሉዶልፍ ከመወለዳቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ለኅትመት የበቃው በ1905 እና በ1906 ነበር።