የጄኔራል ዊንጌት ሕይወትና በስሙ የተሰየመው ትምህርት ቤት

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌና በጉለሌ በኩል የሚመላለስ ሰው ዊንጌት የሚለውን ስም በየቀኑ ይሰማል። የታክሲ ረዳት ይጣራበታል፤ ተማሪው ይወርድበታል። የስሙ ባለቤት ማን እንደ ነበረ ግን ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ አያውቁም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ ነገር በሕይወቱ ስላገኘን፣ ታሪኩን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦርድ ዊንጌት በ1903 ከእንግሊዛዊ የጦር መኮንን ቤተሰብ በሕንድ አገር ተወለደ። ወላጆቹ የፕሊመዝ ወንድሞች በሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ጥብቅ አማኞች ስለ ነበሩ፣ ልጆቻቸውን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ኮትኩተው አሳደጉ። ቻርተርሃውስ ወደ ተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት በገባ ጊዜም፣ ሌሎቹ በአዳሪነት ሲኖሩ እርሱ ከቤቱ ይመላለስ ነበር። በዚህም ምክንያት ከጓደኞቹ ኑሮ የተለየ፣ ብቸኛ ተማሪ ሆነ።

በኋላ በገባበት በዉልዊች የጦር አካዳሚ አንድ ክፉ ልማድ ነበር። ነባር ተማሪዎች ጥፋተኛ ያሉትን አዲስ ተማሪ ራቁቱን በረድፋቸው መካከል እያስሮጡ በተቋጠረ ፎጣ ይገርፉታል፤ በመጨረሻም እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ተራው ለዊንጌት በደረሰ ጊዜ ግን አልሮጠም። በእያንዳንዱ ነባር ተማሪ ፊት እየቆመ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ይመታው ዘንድ ጠየቀው። አንድም እጁን ያነሣ አልነበረም። እርሱም ረድፉን ጨርሶ በገዛ ፈቃዱ ወደ ውሃው ዘለለ።

ከዚያም በሱዳንና በፍልስጥኤም አገለገለ። በፍልስጥኤም የመራቸው የሌሊት ዘመቻዎች በጭካኔያቸው እስከ ዛሬ ያስወቅሱታል። በጥር ወር 1941 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ዊንጌት ሁለት ሺህ በማይሞላ የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደር ከአርበኞች ጋር በመሆን በጎጃም ዘመተ። ጦሩንም፣ በመጽሐፈ መሳፍንት በጥቂት ሰው ብዙውን ድል እንዳደረገው መስፍን፣ የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ከፊታቸው በፈረስ ተቀምጦ ገባ።

ከዚህ ክብር በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ይኸው ሰው በካይሮ ሆቴል ሕይወቱን በገዛ እጁ ሊያጠፋ ሞከረ። ወባ አድክሞታል፤ ወታደሮቹ ውለታቸው እንደ ተረሳ፣ ኢትዮጵያም ሙሉ ነጻነቷን እንደምትነፈግ አምኖ ተስፋ ቆርጧል። በዉልዊች ማንንም ያልፈራው ሰው ብቻውን ሲቀር ወደቀ። ያዳነው በአጠገቡ ክፍል ያረፈ መኮንን ነው፤ ድምፅ ሰምቶ ዝም አላለም።

ዊንጌት ድኖ እንደ ገና ተነሣ፤ በበርማም ጃፓኖችን ወጋ። ማርች 24 ቀን 1944 በአውሮፕላን አደጋ በ41 ዓመቱ ሞተ።

በ1946 በአዲስ አበባ በስሙ የተከፈተውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላየውም። በእንግሊዝ መምህራን ይመራ በነበረው በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች ተሰብስበው ይማሩ ነበር። ባለ ቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። ዛሬ ስፍራው የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው።

ለተማሪዎቻችን ድፍረትን ማስተማር ተገቢ ነው። ነገር ግን ደፋሩም ልጅ በፈተና ወድቆ፣ ወይም ከቤተሰቡ ርቆ፣ ብቻውን የሚቀርበት ሌሊት አለ። በዚያን ጊዜ የሚያድነው ምክር ሳይሆን በአጠገቡ ያለ ሰው ነው። የተማሪዎቻችንን ዝምታ የምናስተውል፣ በራቸውንም ለማንኳኳት የማንዘገይ ጎረቤቶች እንሁን።