የኮቱላው መምህር

ሊንደን ጆንሰን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቬትናም ጦርነት ነው። እኛን ዕጩ መምህራንን የሳበን ግን ሌላው ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ቴክሳስ ተወለደ። ሳን ማርኮስ በሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ ሲማር ገንዘብ አጠረውና በ1928 ትምህርቱን አቋርጦ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ ሊያስተምር ሄደ። ዕድሜው ሃያ፣ ልክ እንደኛው! ተማሪዎቹ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው የድሃ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው ክፍል የሚገቡት። ከመጀመሪያ ደመወዙ የስፖርት ዕቃ ገዛላቸው። ስፓኒሽ የተናገረውን ልጅ መቅጣቱን ግን አንቀበለውም፤ ሰው በእናቱ ቋንቋ ይቀጣል እንዴ?

ፕሬዚዳንት ሆኖም ኮቱላን አልረሳም። በአሜሪካ ት/ቤት የሚተዳደረው በአብዛኛው በአካባቢው ግብር ስለነበር የድሃ ሰፈር ት/ቤት ድሃ ሆኖ ይቀር ነበር። ጆንሰን ኤፕሪል 11 ቀን 1965 በፈረመው የትምህርት ሕግ ግን የፌዴራሉ መንግሥት የድሃ ልጆችን ቁጥር እያየ ለየወረዳው ገንዘብ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ለተጨማሪ መምህር፣ ለንባብ ማጠናከሪያ። ይኸው አሠራር ዛሬም አለ። የፈረመውም በልጅነቱ በተማረባት ባለ አንድ ክፍል ት/ቤት ግቢ፣ ከመጀመሪያ መምህርቱ ጎን ተቀምጦ ነው። በ1973 ሲሞት የተቀበረው ከዚያችው ት/ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው።