ስድስተኛው በረራ

የባቻችን ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ የዲዩቲ ሌሊት፣ የጠዋት ራውንድ፣ ያስተማሩን ሰዎች። ዘንድሮ ለመጽሔታችን ጻፊ ስባል ግን የመጣልኝ ሐኪም ሳይሆን አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ነው፤ ጎበዝ አስተማሪ ስለነበረ።

ኦስቫልድ ቦልከ በ1891 እ.ኤ.አ. ሃለ ከተማ አጠገብ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ መምህር ነበሩ። በልጅነቱ ትክትክ ይዞት አስም አስቀረበት፤ እሱ ግን ከስፖርት አልራቀም። በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ዱዌ ላይ፣ አንድ የ14 ዓመት ፈረንሳዊ ልጅ ቦይ ውስጥ ሲሰጥም አይቶ ዘሎ ገብቶ አወጣው። ልጁ የጠላት አገር ልጅ ነበር።

ያን ጊዜ ተዋጊ አብራሪ የሚበረው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር። ጥር 1916 ቦልከና ማክስ ኢመልማን የፕሩሲያን ከፍተኛ ሜዳይ አብረው ተሸለሙ። ሰኔ ላይ ኢመልማን ሞተ። ቄሳሩ ቦልከንም እንዳያጡ ሰግተው ከበረራ አስወረዱትና ወደ ባልካንና ቱርክ ለጉብኝት ተላከ።

በዚያው ዓመት ልምዱን ስምንት አጫጭር ደንቦች አድርጎ ጻፈ። ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ፤ ቀርበህ ተኩስ፤ የጀመርከውን ጨርስ፤ በጠላት ምድር ላይ ስትሆን የመመለሻ መንገድህን አትርሳ፤ የመሳሰሉት ናቸው። ስምንተኛው ስለ ቡድን ነው፦ አራት ወይም ስድስት ሆናችሁ አጥቁ፤ ውጊያው ተበታትኖ አንድ ለአንድ ሲሆን ግን ብዙዎቻችሁ አንዱን ጠላት አትከተሉ። ነገሩ ግልጽ ነው። ብቻውን የሚበር ሰው ጀርባውን የሚያይለት የለም። ሬዲዮ በሌለበት ዘመን ደግሞ ቡድኑ ሲበዛ መሪውን በዓይን መከተል ይቸግራል፤ ሁሉም አንድ ቦታ ከተሰበሰቡም እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ነሐሴ 1916 ሶም ግንባር ላይ ሁለተኛው የተዋጊዎች ስኳድሮን ተሰጠው። ከአብራሪዎቹ ጥቂቱን ራሱ መርጦ ነው ያመጣቸው፤ ከሩሲያ ግንባር ወጣቱን ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈንንና የ37 ዓመቱን ኤርቪን በመን ወሰደ። አዲሶቹ አውሮፕላኖች እስኪደርሱ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ይወጣል፤ ሲመለስ ያየውን ይነግራቸዋል። የተማረከ የእንግሊዝ አውሮፕላን እያሳየ ደካማ ጎኑ የት እንደሆነ ያስረዳል፤ የነከሰ መትረየስ እንዴት እንደሚፈታ ያለማምዳል፤ ከዚያ አብሮ መብረር። እኛ ራውንድ የምንለው ማለት ነው። መስከረም 17 ቡድኑን መርቶ ወጣ፤ ሪሽትሆፈን የመጀመሪያ ድሉን ያስመዘገበው ያን ቀን ነው።

ጥቅምት 28 ቀን 1916 ከሰዓት በኋላ ቦልከ ለስድስተኛ ጊዜ ተነሳ። ስድስት ሆነው ሁለት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ገጠሟቸው። እሱና በመ አንዱን ሲያሳድዱ ሌላኛው፣ ሪሽትሆፈን እየተከተለው፣ ፊታቸውን አቋርጦ አለፈ። ሁለቱም ሲያመልጡ የበመ ጎማ የቦልከን የላይኛውን ክንፍ ነካ። ቦልከ አውሮፕላኑን እስከ መሬት ድረስ ሊቆጣጠር ሞከረ፤ አወዳደቁም ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ነገር ግን የራስ ቁር አላደረገም፤ ቀበቶውም በደንብ አልታሰረም። 25 ዓመቱ ነበር፤ 40 ድል አስመዝግቧል። እንግሊዞቹ ለመታሰቢያው የአበባ ጉንጉን ከአየር ጣሉ።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚቆረቁረኝ ክንፉ ሳይሆን ቀበቶው ነው። ስድስተኛ በረራ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሬዚደንት ሳለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድሬ፣ ስለ አለርጂ ሳልጠይቅ መድኃኒት ልሰጥ ስል አንዲት ነርስ እጄን ያዘችኝ። ከአንድ ቀን በፊት ስለዚሁ ጉዳይ ኢንተርኖችን ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ! ደንቡን የጻፈ ሰውም ሲደክመው ደንቡን ይረሳል፤ ያኔ የሚያድነው አጠገቡ ያለ ሰው ነው።

ሪሽትሆፈን ኋላ 80 ድል አስመዘገበ፤ እሱም በተራው ስኳድሮን እየመራ አስተማረ። የቦልከን ስም ዛሬም የጀርመን አየር ኃይል አንድ ክንፍ ይጠራበታል። በዚህ መገናኛችን መምህሮቻችንን ስናመሰግን፣ እጃችንን የያዙንንም አንርሳ።